ገና ያልተቻለና ከቶ የማይቻል

በዘመናችን በምረቃ በዓል ላይ ንግግር የሚያደርግ ሹም፣ ለወጣቶች ምክር የሚጽፍ ደራሲ፣ ሸቀጡን ለማስወደድ የሚሻ ነጋዴም ሳይቀር በአንድ ቃል ተባብረው የሚያስተምሩት አንድ ትምህርት አለ፤ ይኸውም በዚህ ዓለም የማይቻል የሚባል ነገር የለም፣ የማይቻል ያልነው ሁሉ ጊዜው ያልደረሰ ብቻ ነው የሚል ነው። ለዚህ ትምህርት ምስክር አድርገው የሚጠሩት ታሪክ በእውነት የሚያስደንቅ በመሆኑ፣ አድማጩ ወደ መደምደሚያው ሲነዳ መነዳቱን እንኳ አያስተውልም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮምት በ1835 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) የከዋክብትን ርቀትና ግዝፈት መለካት ቢቻለንም ከምን ከምን እንደ ተሠሩ ግን በማናቸውም መንገድ ልናውቅ አንችልም ብሎ ጻፈ፤ እርሱ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1859፣ የፊዚክስ ሊቁ ኪርኾፍ ከባልደረባው ከቡንዘን ጋር በሃይድልበርግ ከተማ ሲመራመር የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ዘርግቶ፣ በኅብረ ቀለሙ መካከል የሚታዩትን ጥቋቍር መስመሮች እንደ ፊደል በማንበብ፣ በፀሐይ ውስጥ ሶዲየም መኖሩን አስታወቀ። ሳይመን ኒውኮም የተባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ የፈለክ ሊቅም በዘመኑ በታወቁት ቁሳቍስና ኃይላት ሰውን ይዞ ረጅም መንገድ የሚበር መኪና ሊሠራ አይችልም ብሎ ከጻፈ ብዙም ሳይቈይ፣ የራይት ወንድማማቾች ዲሴምበር 17 ቀን 1903 በኪቲ ሆክ አሸዋ ላይ ለ12 ሴኮንድ በአየር ሰፈፉ። እንግሊዛዊው ደራሲ አርተር ክላርክ በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተከበረ አረጋዊ ሳይንቲስት አንድ ነገር አይቻልም ሲል መሳሳቱ አይቀርም የሚል ሐሳብ እንደ ሕግ አድርጎ አስቀመጠው፤ አንባቢውም ሁሉ እጁን አጨበጨበ። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ አይቻልም ብሎ የሚናገር ደፋር ማን ነው? ይላሉ። እኔ ነኝ እላለሁ።

ይህን ስል የኪርኾፍን ጥበብ ወይም የሁለቱን ወንድማማቾች ትጋት ማቃለሌ አይደለም። እነዚህ ታሪኮች የሚመሰክሩት የተፈጥሮን ወሰን ዐውቀናል ያሉ ሰዎች ወሰኑን አለማወቃቸውን ነው፤ ስለዚህ ነገር ምስክርነታቸው የታመነ ነው። ነገር ግን የኮከብ ባሕርይ ከሩቅ ሆኖ ቢታወቅ፣ ከአየር የከበደ ነገር በአየር ላይ ቢንሳፈፍ፣ ከቶ ከራሱ ጋር የሚጣላ ሐሳብ አልነበረም፤ ጐድሎ የነበረው መንገዱ ብቻ ነው። ከተጠሩት ምስክሮች መካከል ራሱን በራሱ የሚያፈርስ ነገር ሲደረግ አይቻለሁ የሚል አንድም የለም። ስለዚህ ከእነርሱ ቃል ተነሥቶ ምንም የማይቻል ነገር የለም ማለት፣ በአንዱ ተከሳሽ ላይ የተሰማውን ምስክርነት ይዞ ችሎት ፊት ባልቀረበ በሌላው ሰው ላይ ፍርድ እንደ መስጠት ነው።

ያልቀረበው ማን እንደ ሆነ ልናገር። አንድ ነገር አይቻልም ሲባል፣ አንዳንድ ጊዜ ነገሩ በአነጋገሩ ያቆመውን በዚያው በአነጋገሩ የሚያፈርስ በመሆኑ ነው፤ ሚስት ያለችው ወንደላጤ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ክብ፣ ከራሱ የሚበልጥ ቍጥር፣ እነዚህ ሁሉ ስም ይመስላሉ እንጂ የሚሰይሙት ነገር የላቸውም፤ ፊተኛው ቃል የሰጠውን ኋለኛው ቃል ይነሣልና በአድማጩ እጅ የሚቀር ምንም ነገር አይኖርም። ይህን ዐይነቱን አለመቻል ለማወቅ ባሕር መሻገር፣ መሣሪያ መሥራት፣ ዘመን መጠበቅ አያሻም፤ የተባለውን ማስተዋል ይበቃል። በሌላ ጊዜ ደግሞ አይቻልም የምንለው ነገር በሐሳብ እንከን የሌለበት ሆኖ ሳለ፣ ይህ የምንኖርበት ፍጥረት በተሰጠው ሥርዐት ምክንያት የማይሆን ነው። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ከዚህ የፈጠነ መልእክተኛ ሊላክ አይችልም ይሉናል የፊዚክስ ሊቃውንት፣ እኔም አምናቸዋለሁ፤ ሆኖም እጥፍ የሚፈጥን መልእክተኛ ያለበትን ዓለም ባስብ የምስተው የዚህን ዓለም ጠባይ እንጂ የማሰብን ሥርዐት አይደለም። የፊተኛውን የአመክንዮ አለመቻል፣ የኋለኛውን የተፈጥሮ አለመቻል ብለን እንሰይማቸው።

ልዩነቱ የፈላስፎች ፈሊጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ በገዛ አገሩ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን የሚከበረውን በዓል ያስታውስ። ሠለስቱ ደቂቅ በናቡከደነፆር እቶን ውስጥ ተጥለው ጠጕራቸው እንኳ ሳይነካ መውጣታቸውን የሚያምን ምእመን፣ የእሳት ባሕርይ ሥራውን መተዉን ያምናል፤ ይህም በተፈጥሮ የማይቻል ስለ ሆነ ተአምር ይባላል። ነገር ግን ያው ምእመን እሳቱ በዚያች ሰዓት አናንያን አቃጥሎታል፣ አላቃጠለውምም ብሎ አያምንም፤ እንዲህ ብሎ ቢነገረው ተአምር ሰማሁ አይልም፣ ተናጋሪው የሚለውን አያውቅም ይላል እንጂ። በዚያው ትረካ ውስጥ ነበልባሉ ልጆቹን የጣሏቸውን ሰዎች መግደሉ ተጽፏል፤ ይህም ቢሆን ተቃርኖ አይደለም፣ የተቃጠሉት ሌሎች፣ የዳኑት ሌሎች ናቸውና። ተአምር ራሱ ይህን ድንበር ጠብቆ የሚደረግ ነገር መሆኑን ማንም መሃይምን ሳይማረው ያውቀዋል።

የባግዳዱ መምህር አቡ ሐሚድ አል ጋዛሊ በ1095 በፈጸመው፣ ፈላስፎችን በነቀፈበት ዝነኛ መጽሐፉ፣ ይህንኑ በእሳትና በጥጥ ምሳሌ አስረዳ። ጥጥ እሳት ሲነካው ሲቃጠል ማየታችን አንዱ ሌላውን ተከትሎ መምጣቱን ያሳየናል እንጂ ያለ ሌላኛው ሊሆን አለመቻሉን አያሳየንም፤ ስለዚህ ጥጥ ከእሳት ጋር ተገናኝቶ ሳይቃጠል ቢቀር ለፈጣሪ የሚያዳግት አይደለም አለ። ከእርሱ 650 ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1748፣ ሃይማኖት የሌለው ስኮትላንዳዊ ዴቪድ ሂውም ከተቃራኒ ወገን ተነሥቶ በዚያው ሥፍራ መድረሱ የሚያስገርም ነው። ነገር ግን አል ጋዛሊ የፍጥረትን ማሰሪያ ሁሉ ከፈታ በኋላ በአንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ አንድን ነገር በአንድ ጊዜ ማጽደቅና ማስተባበል በችሎታ ሥር የሚገባ ጉዳይ አይደለም ብሎ ወሰነ። ኃይለ እግዚአብሔርን ከማንም አስበልጦ ያከበረ ሰው እዚህ ላይ ሲቆም፣ የዛሬው ተናጋሪ በምረቃ መድረክ ላይ ሆኖ ድንበሩን ዘልሎ ማለፉ፣ ዕውቀቱ ከጋዛሊ ስለ በለጠ አይመስለኝም።

ከዚህ ላይ መልካም ልብ ያላቸው ሰዎች ይቈጣሉ። ፈጣሪ ከሃሌ ኵሉ ከሆነ አራት ማዕዘን የሆነ ክብ ሊሠራ አይችልም ማለት ኃይሉን መገደብ አይደለምን? ይላሉ። ቶማስ አኲናስ ለዚህ የሰጠው መልስ እስካሁን የሚሻል አልተገኘለትም፤ ራሱን የሚቃረን ነገር ሊደረግ ከሚቻለው ነገር ወገን አይደለምና፣ እግዚአብሔር ሊያደርገው አይችልም ከማለት ነገሩ ሊደረግ አይችልም ማለት ይገባል አለ። ጕድለቱ ከአድራጊው ዘንድ ሳይሆን፣ አድርግ ተብሎ የቀረበው ልመና ባዶ በመሆኑ ነው። ሬኔ ዴካርት በ1630 ለወዳጁ ለመርሴን በጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን ይህን አልተቀበለም፤ የሒሳብ እውነቶችም ቢሆኑ ንጉሥ በግዛቱ ሕግ እንደሚያወጣ እግዚአብሔር ያወጣቸው ናቸው፣ ከክብ መካከል ወደ ዳር የሚሰመሩት መስመሮች ሁሉ እኩል እንዳይሆኑ ማድረግም ይችል ነበር አለ። ይህ አስተያየት እጅግ ትሑት ይመስላል፤ በእኔ አሳብ ግን ለሃይማኖት ከክሕደት ይልቅ አደገኛ ነው። እውነትና ሐሰት በአንድነት ሊቆሙ የሚችሉ ከሆነ፣ እግዚአብሔር ለሰው የገባው ኪዳን ሳይፈርስ ሊፈርስ፣ የተሰጠው ተስፋ ሲፈጸም ሳይፈጸም ሊቀር ይችላልና፣ የሚታመን አምላክ የሚለው አነጋገር ምን ፍሬ ይኖረዋል? የአምላክን ታማኝነት የምናመሰግነው አዎን ያለው አዎን ብቻ ስለ ሆነ ነው።

አኲናስ ባረፈ በሦስተኛው ዓመት፣ ማርች 7 ቀን 1277፣ የፓሪስ ጳጳስ ኤቲየን ታምፒዬ በዩኒቨርሲቲው የሚነገሩ 219 ዐረፍተ ነገሮችን አወገዘ። ውግዘት በዕውቀት ታሪክ ውስጥ መልካም ስም የለውም፤ ይህኛው ግን አንድ ትልቅ ነገር በውስጡ ይዟል። ከተወገዙት መካከል አንዱ፣ ፈጽሞ የማይቻለውን ነገር እግዚአብሔርም ሆነ ሌላ አድራጊ ሊያደርገው አይችልም የሚለው ሲሆን፣ የማይቻል የተባለው በተፈጥሮ የማይቻለው ከሆነ ስሕተት ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ተጨምሮበታል። ጳጳሱ አነጋገሩን በጅምላ አልጣለውም፤ ሁለቱን ለየ፤ የአመክንዮውን ትቶ የተፈጥሮውን ብቻ አወገዘ። ይህን ያደረገበት ምክንያት የአርስጣጣሊስ ደቀ መዛሙርት የመምህራቸውን ሥነ ፍጥረት የአእምሮ ሕግ አድርገውት ስለ ነበረ ነው። ባዶ ሥፍራ ሊኖር አይችልም፣ እግዚአብሔርም ሰማያትን በቀጥታ መስመር ሊያንቀሳቅስ አይችልም፣ ባዶ ሥፍራ ይቀራልና ይሉ ነበር። ከ1277 በኋላ ግን በፓሪስ የሚያስተምር መምህር የባዶ ሥፍራን መኖር ቢያንስ ሊሆን እንደሚችል አድርጎ የማሰብ ግዴታ ነበረበት።

ጥያቄው ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ እጅ ሥራ የወረደው ከ367 ዓመት በኋላ ነው። በ1644 ጣሊያናዊው ሊቅ ቶሪቼሊ አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም የመስታወት ቱቦ ባዜቃ ሞልቶ፣ አፉን በባዜቃ በተሞላ ሳሕን ውስጥ ቢደፋው፣ በቱቦው ያለው ባዜቃ ወርዶ 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ቆመ፤ ከበላዩ የቀረው ሥፍራ አየር ያልገባበት ነበር። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1648 የፈረንሳዊው ሊቅ የፓስካል እኅት ባል ፔሪዬ ይህንኑ መሣሪያ ይዞ ፑዊ ደ ዶም የተባለውን ተራራ ወጣ፤ በተራራው ራስ ላይ ባዜቃው ከታቹ ይልቅ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ባዜቃውን የሚደግፈው የአየር ክብደት እንጂ ተፈጥሮ ባዶነትን መፍራቷ አለመሆኑ በዚህ ታወቀ። ስለዚህ ከኮምት ጋር የሚነሣው ክስ በአርስጣጣሊሳውያንም ላይ ይነሣል፤ ባጠፉት እፈርድባቸዋለሁ። ያጠፉት ግን አይቻልም ማለታቸው አይደለም፤ በተፈጥሮ ላይ የሰጡትን ግምት የአመክንዮ ዘውድ መጫናቸው ነው። የዛሬዎቹ ደግሞ ዘውዱ ከማይገባው ራስ ላይ ሲወድቅ ስላዩ ንጉሥ የሚባል የለም አሉ።

ሁለቱን አለመቻል በአንድ ከረጢት መጨመር የተማሩ ሰዎችም ስሕተት ለመሆኑ፣ የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ በ1775 የወሰነውን ውሳኔ የሚያህል ማስረጃ አላውቅም። በዚያ ዓመት አካዳሚው ከእንግዲህ ወዲህ የኩብን ይዘት እጥፍ ለማድረግ፣ ማዕዘንን ከሦስት እኩል ለመክፈል፣ ከክብ ጋር በስፋት የሚተካከል አራት ማዕዘን ለመሥራት የሚቀርብለትን መፍትሔ ሁሉ፣ እንደዚሁም ያለ ማቋረጥ በራሱ ይንቀሳቀሳል የተባለውን ማናቸውንም መኪና አልመረምርም ብሎ ዐወጀ። ለዚህም ያቀረበው ምክንያት ርኅራኄ ያለበት ነው፤ በየዓመቱ የሚጐርፈው ከንቱ ጽሑፍ ሊቃውንቱን ማድከሙ ሳያንስ፣ ዘለዓለማዊውን መኪና ፍለጋ ገንዘባቸውን ጨርሰው ቤተ ሰባቸውን ያደኸዩ ሰዎች ነበሩ። ውሳኔውን አልነቅፍም፤ በዚያ ወንበር ብቀመጥ ኖሮ እኔም እፈርም ነበር። የምነቅፈው የአራቱን በአንድ መስመር መሰለፍ አይተው አራቱም አንድ ዐይነት ናቸው ብለው የሚደመድሙትን ነው፤ ምክንያቱም ከአራቱ ሦስቱ የአንድ አገር፣ አራተኛው የሌላ አገር ሰው ነው።

አካዳሚው በዚያ ቀን ከአራቱ ለአንዱም የተሟላ ማረጋገጫ በእጁ አልነበረውም። ማስመሪያና ኮምፓስ ብቻ ይዞ ማናቸውንም ማዕዘን ከሦስት መክፈል፣ ኩብንም እጥፍ ማድረግ እንደማይቻል ፒዬር ዋንትዜል ያረጋገጠው በ1837፣ ገና በ23 ዓመት ዕድሜው ነው፤ የክቡን ጉዳይ የዘጋው ደግሞ ጀርመናዊው ሊንደማን ሲሆን፣ በ1882 ፓይ የተባለው ቍጥር የማናቸውም ሙሉ ቍጥሮችን የያዘ አልጀብራዊ ስሌት መልስ ሊሆን እንደማይችል አሳየ። እነዚህ ሰዎች አንዳች ነገር አልመዘኑም፣ አላቀለጡም፣ በመነጽር አላዩም። ያሳዩት ነገር፣ ይህን አደረግሁ የሚል ሰው ካለ የእርሱ አባባል ከገዛ መነሻው ጋር እንደሚጋጭ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ሺህ ዓመት ቢቈጠር፣ ማስመሪያው ከአልማዝ ቢሠራ፣ ኮምፓሱን መልአክ ቢይዘው ለውጥ የለም።

ተከራካሪዎቼ እዚህ ላይ አርኪሜዲስን ይጠሩብኛል። አርኪሜዲስ በላዩ ሁለት ምልክት ያለበትን ማስመሪያ እያንሸራተተ ማዕዘንን ከሦስት እንደሚከፍል ይነገራል፤ እንግዲህ የማይቻለው ተቻለ ይላሉ። አልተቻለም። የተከለከለው ምልክት በሌለው ማስመሪያ መክፈል ነበር፤ አርኪሜዲስ ሌላ ጥያቄ መለሰ፣ መልካም አድርጎም መለሰ። የአመክንዮ አለመቻል ሁልጊዜ በተወሰነ ቃል ላይ የሚቆም ነው፤ ቃሉን የለወጠ ሰው ድንበሩን አላፈረሰም፣ ወደ ሌላ ማሳ ተሻግሮ አረሰ እንጂ። ይህን ካልተረዱት መካከል በአሜሪካ የኢንዲያና ግዛት የነበረ አንድ ሐኪም ይገኛል፤ ክቡን አራት ማዕዘን አድርጌዋለሁ ብሎ ግኝቱን በሕግ መልክ አስረቀቀና በ1897 የግዛቱ የተወካዮች ምክር ቤት 67 ለ0 በሆነ ድምፅ አጸደቀለት። በአጋጣሚ ለሌላ ጉዳይ በዚያ የተገኘ ዋልዶ የሚባል የሒሳብ መምህር ነገሩን ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት ባያስረዳ ኖሮ ሕግ ሆኖ ሊወጣ ነበር፤ እነርሱም ላልተወሰነ ጊዜ አቈዩት። ስድሳ ሰባት እጅ ቢነሣ፣ አንድም ሰው ባይቃወም፣ ክቡ ክብ ሆኖ ቀረ።

አራተኛው፣ ያለ ማቋረጥ በራሱ የሚሠራው መኪና ግን እንዲህ አይደለም። ከሚበላው የሚበልጥ ሥራ የሚሠራ መንኰራኵር ባስብ ሐሳቤ ከራሱ ጋር አይጣላም። ኃይል አይፈጠርም፣ አይጠፋም የሚለው ሕግ ከሮበርት ማየር፣ ከጁልና ከሄልምሆልትስ ሥራ ተነሥቶ በ1840ዎቹ የጸና ትምህርት ሲሆን፣ የጸናው በሙከራ ነው፤ በሙከራ የጸና ደግሞ በሙከራ ሊፈተን ይገባዋል። ይህም በእውነት ተደርጓል። በ1924 ኒልስ ቦኽር ከክራመርስና ከስሌተር ጋር ሆኖ ባወጣው ጽሑፍ፣ በአተሞች ዓለም ኃይል የሚጠበቀው በአማካይ እንጂ በእያንዳንዱ ድርጊት አይደለም የሚል መላ ምት አቀረበ። ይህን ያለው ሰው የታወቀ ሊቅ ነው፤ ማንም አብዷል፣ ራሱን ተቃረነ አላለውም። ቦቴና ጋይገር በ1925 ብርሃን ኤሌክትሮንን በሚመታበት ጊዜ የተበተነው ብርሃንና የተወረወረው ኤሌክትሮን በአንድነት መታየት አለመታየታቸውን ቈጥረው፣ በአንድነት መታየታቸውን ስላገኙ መላ ምቱ ወደቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከአተም እምብርት የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ሊይዙት የሚገባውን ኃይል ሁሉ ይዘው አለመገኘታቸው ሲያስጨንቅ፣ ቦኽር ሕጉን ለመተው እንደ ገና ዝግጁ ሆነ፤ ቮልፍጋንግ ፓውሊ ግን በዲሴምበር 1930 ሕጉ አይነካ፣ የጐደለውን ኃይል ይዞ የሚሄድ የማይታይ ቅንጣት አለ አለ። ዛሬ ኒውትሪኖ የምንለው ይህ ቅንጣት በ1956 በካወንና በራይንስ ተይዞ ታየ። ሕጉ በሁለቱም ፍልሚያ አሸነፈ።

ነገር ግን አሸናፊነቱ አስቀድሞ የተጻፈ አልነበረም፤ ለዚህ ምስክሩ የእኅቱ ዕጣ ነው። ተፈጥሮ ቀኝን ከግራ አታበላልጥም፣ በመስታወት የሚታየው ክንዋኔ ሁሉ በውጭም ሊሆን የሚችል ነው የሚለው ሕግ እንደ ኃይል ሕግ ሁሉ የታመነ ነበር። ሊ እና ያንግ የተባሉት ሁለት ቻይናውያን ሊቃውንት በ1956 ይህ ሕግ በደካማው የኑክሌር ኃይል ዘንድ ከቶ አለመፈተኑን አመለከቱ፤ ፓውሊም፣ ያው የኃይል ሕግ ጠበቃ፣ ይወድቃል ብሎ ስላላመነ ለመወራረድ ዝግጁ መሆኑን ለወዳጁ ጻፈ። ወይዘሮ ቺየን ሺዩንግ ዉ ከባልደረቦቿ ጋር ኮባልት 60ን ወደ መጨረሻው ቅዝቃዜ አቅርባ፣ እምብርቶቹን በማግኔት አሰልፋ ብታይ፣ ኤሌክትሮኖቹ ከሁለቱ አቅጣጫ ወደ አንዱ አብዝተው ሲወጡ ተገኙ፤ በ1957 መጀመሪያ ሕጉ ወደቀ። እንግዲህ አንድ ሰው፣ ሁለት ሕግ፣ አንድ ዐይነት እምነት፤ አንዱ ጸና፣ አንዱ ፈረሰ። በወንበር ተቀምጦ በማሰብ የትኛው እንደሚጸና የሚያውቅ አልነበረም፤ መጠየቅ የነበረበት ኮባልቱ ነው። ለሊንደማን ግን የሚጠየቅ ኮባልት የለም፤ ፓይን በቤተ ሙከራ የሚፈትን ሰው ብናይ የምናዝነው ስለ ድካሙ ሳይሆን የሚፈልገውን ባለማወቁ ነው።

ከተቃዋሚዎቼ መካከል ብልኆቹ ሌላ መንገድ አላቸው፤ እርሱን ሳልነካ ባልፍ ማታለል ይሆንብኛል። በአመክንዮ አይቻልም የተባለውም ሲቻል ታይቷል፣ ኤውክሊድን ተመልከት ይላሉ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ኢየሱሳዊው መነኵሴ ጂሮላሞ ሳኬሪ በሞተበት ዓመት፣ በ1733፣ ኤውክሊድን ከነቀፋ ሁሉ ለማንጻት የጻፈውን መጽሐፍ በሚላኖ አሳተመ፤ አሳቡም ስለ ትይዩ መስመሮች የተሰጠውን መነሻ ሐሰት አድርጎ ቢጀምር ከተቃርኖ ላይ መድረሱ ስለማይቀር መነሻው እውነት መሆኑ ይረጋገጣል የሚል ነበር። ጀመረ፤ ከአንዱ እንግዳ ውጤት ወደ ሌላው እየተሻገረ ረጅም መንገድ ሄደ፤ ተቃርኖ ግን አላገኘም። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና፣ ይህ ከቀጥታ መስመር ባሕርይ ጋር የማይስማማ ነው ብሎ ዘጋው። ሎባቼቭስኪ በ1829፣ ቦያይ በ1832 በዚያው መንገድ ሳይፈሩ ሄደው አዲስ ጂኦሜትሪ አገኙ፤ ቤልትራሚም በ1868 ይህ ጂኦሜትሪ ተቃርኖ ካለበት የኤውክሊድም ተቃርኖ እንደሚኖርበት አሳየ። ታዲያ እዚህ የተሸነፈው ማን ነው? አመክንዮ ሳኬሪን ተቃርኖ አለ ብሎ አላሳሳተውም፤ በየገጹ የለም፣ የለም ይለው ነበር። ያሳሳተው የለመደው የዐይነ ኅሊና ሥዕል ነው፤ ሊሥለው ያልቻለውን ሊሆን የማይችል አድርጎ ቈጠረው። ስለዚህ አመክንዮ አይቻልም ስላለን ነገር በጥንቃቄ እንናገር፣ ለዐይናችን እንግዳ የሆነውን ሁሉ ተቃርኖ አንበል የሚል ካለ ከእርሱ ጋር ነኝ። ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ግን ድንበሩ ስላለ ነው።

የቀረው ደፋሩ ወገን ነው። አሜሪካዊው ዊላርድ ኳይን በ1951 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዕውቀታችን ሁሉ በአንድነት የተሸመነ ስለ ሆነ ከሙከራ ጋር ሲጋጭ የትኛውንም ክፍል፣ አመክንዮን ሳይቀር፣ ልናርመው እንችላለን አለ፤ ከእርሱ በኋላም ሂላሪ ፑትናም በ1960ዎቹ መጨረሻ የኳንተም ፊዚክስ ይህን ግድ አድርጓል ሲል ተከራከረ። ፑትናም የተደገፈው በርክሆፍና ፎን ኖይማን በ1936 ባቀረቡት የአመክንዮ ሥርዐት ላይ ነው። ይህ ሥርዐት የተወው ግን «እና»ና «ወይም» የሚከፋፈሉበትን አንድ ደንብ ነው፤ አንድ ነገር እውነት ሆኖ ሐሰት ይሁን አላለም። በዚያ ሥርዐት ውስጥም ነገርንና ተቃራኒውን ብታጣምር የምታገኘው ባዶ ነው። የአመክንዮን ቤት አፈረሰ የተባለው ሰው አንዱን ክፍል አስተካክሎ መሠረቱን እንዳለ ትቶታል። ሐሰተኛ ነኝ የሚል ዐረፍተ ነገር እውነትም ሐሰትም ነው የሚሉ እንደ ግራሃም ፕሪስት ያሉ ፈላስፎች መኖራቸውን አልክድም፤ ነገር ግን እነርሱም ቢሆኑ ተቃርኖውን በጥቂት ቦታ ላይ አጥረው ይይዙታል እንጂ በኮባልትና በባዜቃ ላይ አይለቁትም።

ለምን እንደማይለቁት ነው ከሁሉ ይልቅ ልናገር የምፈልገው። ዉ ያየችው ነገር የመስታወቱን ሕግ የጣለው በምን ኃይል ነው? ሕጉ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እኩል ይወጣሉ ይላል፤ ቈጣሪው መሣሪያ እኩል አልወጡም ይላል፤ እነዚህ ሁለቱ በአንድነት ሊቆሙ ስለማይችሉ አንዱ መውደቅ አለበት። ይህ «ሊቆሙ አይችሉም» የተፈጥሮ አለመቻል አይደለም፤ ኮባልቱ ያስተማረን አይደለም፤ ኮባልቱን ስንጠይቅ ይዘነው የገባን ነው። የተፈጥሮ አይቻልም በወደቀ ቍጥር የሚጥለው የአመክንዮ አይቻልም ነው፤ ቶሪቼሊ አርስጣጣሊስን፣ ኪርኾፍ ኮምትን የረቱት በዚህ በአንድ በትር ነው። ምንም የማይቻል ነገር የለም የሚለው ሰው በትሩን የሰበረ ለታ፣ ኤሌክትሮኖቹ እኩል ወጥተውም እኩል ሳይወጡም ይኖራሉ፤ ፓውሊም ተሳስቶ ሳለ አልተሳሳተም፤ የመስታወቱም ሕግ ፈርሶ ሳለ ቆሞ ይቀራል፤ እኛም የማይቻለው ተቻለ ብለን የምናከብርበት አንድ ቀን እንኳ አይኖረንም።